የጥቁር አሜሪካውያንን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በነገረ መለኮት ትምህርትና በአገልግሎት ሥልጠና ውስጥ ለማጥናት የሚረዳ መመሪያ

ይህ መመሪያ በዋናነት የታሰበው በአሜሪካ ሴሚናሪ ገብተው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ኮርስ ለሚወስዱ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ትምህርቱን ለአንድ መንፈቀ ዓመት ለማስተማር ለሚዘጋጁ መምህራን ነው። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በሚገኙ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችን የሚያሠለጥኑ መሪዎችም የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ለይተው ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ነገር መባል አለበት። በብዙ ሴሚናሪዎች ተማሪው ይህንን ትውፊት የሚያገኘው በስልታዊ ነገረ መለኮት ክፍል ውስጥ ነው፤ በአንድ ሳምንት በ1969 ብቅ ያለውንና ወንጌልን ከጥቁሮች የነጻነት ትግል አንጻር የሚተረጉመውን የጥቁሮች ነገረ መለኮት ያነባል፣ አንድ ወረቀት ይጽፋል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ርዕስ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። ነገረ መለኮቱ የተወለደው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከዘመረ፣ ከጸለየ፣ ሕንጻ ከገዛና ፍርድ ቤት ከቆመ ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡን ሳያውቅ ንድፈ ሐሳቡን የሚያነብ ተማሪ የጸሐፊዎቹን ቁጣ እንጂ ቁጣው የቆመበትን እምነት አያይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከሰዎቹና ከአምልኳቸው ተነሥተው ወደ ንድፈ ሐሳቡ ይሄዳሉ፤ ጊዜ ቢያጥር እንኳ መታጠፍ ያለበት ከኋላ ያለው ነው እንጂ የፊተኛው አይደለም።

ደረጃ 1፦ የጥናቱን ወሰን ይለዩ

“የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን” የሚለው አጠራር በነጠላ ቢነገርም ከኋላው ያለው አንድ አካል አይደለም። ምሁራን አዘውትረው የሚጠቅሷቸው በታሪክ የጥቁሮች የሆኑ ሰባት ቤተ እምነቶች አሉ። ከሜቶዲስቶቹ ወገን በ1816 በፊላደልፊያ የተመሠረተችው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ በ1821 በኒውዮርክ የቆመችው “ጽዮን” የሚል ቅጥያ ያላት እኅቷ፣ እንዲሁም ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1870 በቴነሲ የተደራጀችውና ዛሬ ክርስቲያን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት የምትባለው ይገኛሉ። ከባፕቲስቶቹ በ1895 በአትላንታ የተዋሐደው ብሔራዊ የባፕቲስት ጉባኤ ትልቁ ሲሆን፣ በ1915 በማተሚያ ቤት ባለቤትነት ጉዳይ አንድ ክፍል ተገንጥሎታል፤ በ1961 ደግሞ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወገን የነበሩት ፕሮግረሲቭ የተባለውን ጉባኤ መሥርተዋል። ሰባተኛው በቻርልስ ሃሪሰን ሜሰን የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሜምፊስ የሚገኘው ጴንጤቆስጤያዊው ቸርች ኦፍ ጋድ ኢን ክራይስት ነው። ከእነዚህ ውጭ በካቶሊክ፣ በኤጲስቆጶሳዊት፣ በፕሬስቢቴሪያንና በመሳሰሉት ውስጥ የራሳቸውን ጉባኤ ይዘው የኖሩ ጥቁር ምእመናን ብዙ ናቸው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በሜቶዲስቶቹ ዘንድ መጋቢውን የሚመድበውም የሚያዛውረውም ጳጳሱ ነው፤ በባፕቲስቶቹ ዘንድ ግን ጉባኤው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ይጠራዋል፣ ራሱም ያሰናብተዋል። ስለዚህ “ሴት መስበክ ትችላለች ወይ?”፣ “ሕንጻው የማን ነው?”፣ “መጋቢው በፖለቲካ ጉዳይ ቢናገር ማን ይገሥጸዋል?” የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንገድ ላይ በሚገኙ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ መልስ አላቸው።

በዚህ ደረጃ መጨረሻ ላይ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያዘጋጁ። የሚያጠኑትን ቤተ እምነት፣ ከተማውን፣ ዘመኑንና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉበት። “ጥቁሮች እንዴት ያመልካሉ?” የሚለው ለጥናት የሚሆን ጥያቄ አይደለም። “ከደቡብ ወደ ቺካጎ የፈለሱ ባፕቲስቶች በ1930ዎቹ አዲሱን የጎስፔል መዝሙር ለምን ተቀበሉ፣ ለምንስ ተቃወሙ?” የሚለው ግን መዝገብም ድምፅም ሰውም ሊገኝለት የሚችል ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ታሪካዊ ክስተት መርጠው እስከ ጥጉ ያጥኑ

የዘመን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት አስፈላጊ ቢሆንም ከአንድ ገጽ በላይ አያስፈልገውም። በባርነት ዘመን በጫካና በሸለቆ በስውር ይደረግ የነበረው ጸሎት፣ በሰሜን ከተሞች የነጻ ጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት መመሥረት፣ ከ1865 በኋላ በደቡብ የታየው መስፋፋት፣ በ1906 በሎስ አንጀለስ አዙሳ ጎዳና በዊልያም ሲሞር መሪነት የተነሣው የጴንጤቆስጤ መነቃቃት፣ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች ያደረጉት ታላቅ ፍልሰት፣ የሲቪል መብት ትግልና ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ቢካተቱበት በቂ ነው። ትምህርቱ የሚገኘው ከሰንጠረዡ ሳይሆን አንዱን ክስተት በቅርብ ከመመርመር ነው፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለውም የፊላደልፊያው ይመስለኛል።

ሪቻርድ አለን በ1760 በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘቡ የገዛ ሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። በ1787 ከጓደኛው ከአብሳሎም ጆንስ ጋር ለመበለቶችና ለሕመምተኞች የሚደርስ የመረዳጃ ማኅበር መሠረተ። ሁለቱም ያመልኩበት በነበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮቹ ወደ ፎቁ እንዲወጡ ተደረገ። አለን በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ በጸሎት ሰዓት ተንበርክከው ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች አንዱ መጥቶ ጆንስን ከጉልበቱ ይጎትተው ጀመር፤ እዚያ መንበርከክ አይፈቀድም ተባለ። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሡት ለመነ፤ አልታገሡትም። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም በአንድነት ወጡ። በ1794 አለን አንድ የቀጥቃጭ ቤት ገዝቶ በፈረስ አስጎትቶ ወደ ራሱ ቦታ በማምጣት ቤቴል የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ከፈተ። ጆንስ ደግሞ በዚያው ዓመት በኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሥር የቅዱስ ቶማስን ጉባኤ አቋቋመ።

ይህንን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ በሦስት ነገሮች ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የመጀመሪያው የዘመኑ ጉዳይ ነው። በተለምዶ መውጣቱ በ1787 እንደሆነ ይነገራል፤ የቤተ ክርስቲያኑን የሕንጻ ሥራ መዝገብ የመረመሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ፎቁ የተጠናቀቀው በ1792 ስለሆነ ክስተቱን ወደዚያ ያቀርቡታል። ተማሪዎች ማስታወሻና መዝገብ ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ በዚህ ይለማመዱ። ሁለተኛው የ1793ቱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ነው፤ አለንና ጆንስ ጥቁር አስታማሚዎችንና ቀባሪዎችን አሰማርተው ከተማዪቱን ካገለገሉ በኋላ በዘረፋ ስለተወቀሱ፣ ሒሳባቸውን ዘርዝረው በ1794 በታተመ ጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የንብረት ክርክር ነው። የነጮቹ ሜቶዲስት መሪዎች የቤቴልን ሕንጻና መድረክ ለመቆጣጠር ለዓመታት ታግለዋል፤ የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1816 ለቤቴል ከወሰነ በኋላ ነው ቤተ እምነቱ በዚያው ዓመት ራሱን ችሎ የቆመው። የአገልግሎት ሠልጣኞች የባለቤትነት ሰነድና የመተዳደሪያ ደንብ የነገረ መለኮት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚማሩበት ታሪክ አላውቅም።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጮችን ይሰብስቡ፣ በጥንቃቄም ያንብቡ

ከሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት በፊት የሰዎቹ የራሳቸው ድምፅ ይነበብ። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የደቡብ ጥቁሮችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚመለከቱ ብዙ አሮጌ መጻሕፍትን በነጻ በኢንተርኔት አኑሯል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ከ1936 እስከ 1938 ከቀድሞ ባሮች የተሰበሰቡ ከ2,300 በላይ የቃል ምስክርነቶች አሉት። እነዚህን ምስክርነቶች ሲያነቡ ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ነጮች እንደነበሩ፣ ተናጋሪዎቹም በእርጅና ላይ ያሉና ብዙዎቹ በድህነት የሚኖሩ እንደነበሩ አይርሱ፤ በገጹ ላይ የሰፈረው ቃል ለማን እንደተነገረ ሳይጠይቁ አይጥቀሱት።

ከሴቶች ድምፅ የጃሬና ሊ የሕይወት ታሪክ በ1836 የታተመ ሲሆን ለክፍል ውይይት እጅግ ተስማሚ ነው። ለመስበክ መጠራቷን ለሪቻርድ አለን ስትነግረው የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሴት ሰባኪን እንደማያውቅ መለሰላት። ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ በቤቴል አንድ ሰባኪ ስለ ዮናስ መስበክ ጀምሮ መንፈሱ የራቀው በመሰለ ጊዜ፣ ሊ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ በዚያው ጥቅስ ላይ መናገር ያዘች፤ እኔም እንደ ዮናስ ከጥሪዬ ዘግይቻለሁ አለች። እባረራለሁ ብላ ስትጠብቅ አለን ተነሥቶ ጥሪዋን በጉባኤው ፊት መሰከረላት። ሆኖም ክህነት አልተሰጣትም። ያው ቤተ እምነት የመጀመሪያዋን ሴት ጳጳስ፣ ቫሽቲ መኬንዚን፣ የመረጠው በ2000 ነው። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ተማሪዎች ራሳቸው እንዲሞሉት ማድረግ ጥሩ የምርምር ሥራ ይወጣዋል።

ትውፊቱ በውስጡ ይከራከር እንደነበር ለማሳየት ደግሞ የዚሁ ቤተ እምነት ጳጳስ የዳንኤል ፔይን ማስታወሻ ይነበብ። ፔይን የተማረ አገልጋይ እንዲኖር ዕድሜውን ሙሉ የታገለና በ1863 የዊልበርፎርስ ኮሌጅን መሪነት በመያዝ በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። በ1888 በታተመው ማስታወሻው አንድ የገጠር ጉባኤ ይገልጻል። ከስብከቱ በኋላ ሰዎቹ ኮታቸውን አውልቀው፣ ክብ ሠርተው፣ እያጨበጨቡና መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ሲዘምሩ ፔይን መጋቢውን ጠርቶ አስቁምልኝ አለ። የቡድኑ መሪ ግን ክቡ ከሌለ ኃጢአተኞች እንደማይመለሱ አስረግጦ ነገረው። ጳጳሱና የክቡ መሪ ሁለቱም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆሙ ናቸው፤ አጥኚው አንዱን “እውነተኛ” ሌላውን “ባዕድ” ብሎ ለመፈረጅ ከመቸኮል ይልቅ እያንዳንዳቸው ምን ለመጠበቅ እንደፈለጉ ይጠይቅ።

ከዚሁ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ በማን እጅ እንዴት እንደተነበበ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች ጎን ለጎን ይቅረቡ። በ1807 በለንደን ለምዕራብ ኢንዲስ ባሮች ማስተማሪያ በታተመው ቅጂ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ታሪክ ተቆርጦ ቀርቷል። በሌላ በኩል ታላቁ ሰባኪና መምህር ሃዋርድ ተርማን በባርነት ያደገች አያቱ ከጳውሎስ መልእክታት እንዲያነብላት የምትፈቅደው አልፎ አልፎ አንደኛ ቆሮንቶስ 13ን ብቻ እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱን ሲጠይቃት፣ የጌታዋ ሰባኪ “ባሮች ሆይ፣ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ” የሚለውን ደጋግሞ ይሰብክባቸው ስለነበር፣ ነጻ ከወጣች ያንን ክፍል ዳግም ላለመስማት መማሏን ነገረችው። ማንበብ የማትችል ሴት የራሷ የትርጓሜ መርሕ ነበራት ማለት ነው። ለትርጓሜ ትምህርት ክፍል ይህ ምሳሌ ብቻውን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

ደረጃ 4፦ ስብከቱንና መዝሙሩን በጆሮ ያጥኑ

ስብከቱ በወረቀት ሲነበብ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የተቀዱ ስብከቶች መርጠው እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያድምጡ፤ መጀመሪያ ምንም ሳይጽፉ፣ ቀጥሎ ደቂቃውን እየመዘገቡ። ለዚህ የዲትሮይቱ መጋቢ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በ1950ዎቹ በሸክላ የተቀዱ ስብከቶች የታወቁ ናቸው፤ ጎጆዋን ስለምታነቃንቅ ንስር ከዘዳግም 32፥11 ተነሥቶ የሰበከው በተለይ ይመከራል። አጀማመሩ የቀስታና የማብራራት ነው፤ ጥቅሱን ያነባል፣ ስለ ንስር ጠባይ ያስረዳል፣ ድምፁ የመምህር ነው። እየቆየ ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ የምእመናኑ ምላሽ በየሐረጉ መካከል ይገባል፣ በመጨረሻው ክፍል ንግግሩ ወደ ዜማ ይለወጣል።

በመዝገብዎ ላይ አራት ነገሮች ይኑሩ፦ ሰባኪው የሚናገረው፣ ጉባኤው የሚመልሰው፣ የሙዚቃ መሣሪያው የሚገባበት ቦታና ዝምታው። አውጪና ተቀባይ ባለበት ዜማ ላደገ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ አደማመጥ ብዙ አይከብደውም፤ የሚከብደው ተቀባዩ አውጪውን እየመራ መሆኑን ማስተዋሉ ነው። ጉባኤው “ቀስ በል”፣ “እርዳው ጌታ ሆይ” ሲል ሰባኪው ይሰማል፣ መንገዱንም ያስተካክላል። ይህንን ያላስተዋለ ተማሪ ምላሹን ማድመቂያ አድርጎ ይጽፈዋል።

በመዝሙር በኩል ቢያንስ ሦስት ሽፋኖችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። በባርነት ዘመን የተወለዱት ስፒሪችዋል መዝሙሮች ከ1871 ጀምሮ ከናሽቪል በተነሡት የፊስክ ጁቢሊ ዘማሪዎች አማካይነት በመድረክ ታወቁ፤ በዚያው ሒደት ግን ዜማቸው ለአዳራሽ እንዲስማማ ተስተካክሏል። ዲያቆኑ አንድ መሥመር ከፍ አድርጎ እያነበበ ጉባኤው በረጅሙ እየጎተተ የሚዘምረው የጥንት መዝሙር ዛሬም በአንዳንድ የደቡብ ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ከአምልኮው መጀመሪያ በፊት ይሰማል። ጎስፔል ደግሞ በቺካጎ፣ ቀድሞ የብሉዝ ፒያኒስት በነበረው በቶማስ ዶርሲ እጅ በ1930ዎቹ ቅርጽ ያዘ። ዶርሲ በጣም የታወቀውን መዝሙሩን የጻፈው በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞታ ሕፃኑም ከተከተላት በኋላ ነው። የቺካጎ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ላይ የመሸታ ቤት ዜማ ነው ብለው ገፍተውት ነበር፤ እንዲህ ያለ ክርክር በእኛም ዘማሪዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጉባኤውን ይጎብኙ

ይህ ደረጃ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። በመጀመሪያ ለመጋቢው ደብዳቤ ይጻፉ፤ ተማሪ መሆንዎን፣ የሚያጠኑትን፣ ስንት እሑድ ለመገኘት እንዳሰቡና ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው ይግለጹ። ቃለ መጠይቅ ካለ የትምህርት ተቋምዎን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ። በኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም የታወቁ አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ መዝሙር ለመስማት የሚሰለፉ ቱሪስቶች የተለመዱ ናቸው፤ ስብከቱ ሲጀመር ተነሥቶ መውጣትም ከእነርሱ የሚታይ ነገር ነው። የእርስዎ አመጣጥ ከዚያ የተለየ መሆኑን ጉባኤው በሥራዎ ማየት አለበት።

አለባበስዎ የክት ይሁን። በአዳራሹ በር ላይ ብዙውን ጊዜ ነጭ ጓንት ያደረጉ አስተናጋጆች ይቀበሉዎታል፤ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በሌላው በምልክት እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ጸሎት ወይም የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ላይ ከደረሱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ያቆሙዎታል፤ አይጋፉ። በፊት ረድፍ ነጭ ለብሰው የሚቀመጡት በዕድሜ የገፉ እመቤቶች የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ናቸው፤ ወንበራቸው የተጠበቀ ነው፣ “ማዘር” ተብለውም ይጠራሉ። መጋቢውን “ሬቨረንድ” ወይም እንደ ማዕረጉ “ቢሾፕ” ይበሉት እንጂ እርሱ ሳይፈቅድ በስሙ ብቻ አይጥሩት። እንግዶች እንዲነሡ ሲጠየቅ ይነሡ፤ ለእግዚአብሔር ክብር ሰጥተው፣ መጋቢውንና ጉባኤውን አመስግነው፣ ስምዎንና የመጡበትን ቤተ ክርስቲያን በአጭሩ ይናገሩ። መባ በሰልፍ እየዞሩ በሚሰጥበት ቦታ ተቀምጠው አይቅሩ፤ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ካልተፈቀደልዎ በቀር አይቅዱ፣ ፎቶም አያንሡ፤ በአምልኮ መካከልም ማስታወሻ አይጻፉ። ከወጡ በኋላ በዚያው ቀን ይጻፉ። አንድ እሑድ ብቻ መገኘት የሚያሳስት ስለሆነ የወሩን የመጀመሪያ እሑድ ጨምሮ በተከታታይ ይገኙ፤ በብዙዎቹ ዘንድ ቅዱስ ቁርባን የሚሰጠው በዚያ እሑድ ነው። የረቡዕ ምሽት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የምግብ እደላና ቢቻል የቀብር ሥነ ሥርዓት ከእሑዱ ስብከት በላይ ያስተምራሉ። የቀብሩ ፕሮግራም ላይ የሚታተመው የሟች የሕይወት ታሪክ፣ የአገልግሎት ክፍሎቹ ስምና የተሸካሚዎቹ ዝርዝር ለጥናት ትልቅ ምንጭ ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማውም ሊያመልጥዎ አይገባም፤ የሌሊት ጸሎቱ በታኅሣሥ 31 ቀን 1862 ባሮችን ነጻ የሚያወጣውን አዋጅ ከሚጠብቁ ጥቁሮች ጉባኤዎች ጋር ተያይዞ ይታሰባል።

በአገር ቤት ሆነው የሚያጠኑ ይህንን በአካል ማድረግ ባይችሉም ብዙ ጉባኤዎች አምልኳቸውን በቀጥታ ያሰራጫሉ። አንድ ጉባኤ መርጠው ለሁለት ወር በተከታታይ መከታተል ከሃያ ጉባኤዎች ቁራጭ ቪዲዮ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ አሁን ወደ ነገረ መለኮቱ ይግቡ

ጄምስ ኮን በአርካንሳስ በአንዲት የአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ያደገና በኒውዮርክ ዩኒየን ሴሚናሪ እስከ 2018 ዕለተ ሞቱ ያስተማረ ሰው ነው። የጥቁሮችን ነገረ መለኮት ያስጀመረው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1969 ሲወጣ ኪንግ ከተገደለ አንድ ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። ከእርሱ ጋር የተከራከሩት ሰዎች አብረው ካልተነበቡ ግን ኮን በትክክል አይገባም። ሌላው ጥቁር የነገረ መለኮት ሊቅ ዲኦቲስ ሮበርትስ ነጻነት ያለ እርቅ ምሉዕ አይደለም ሲል ተከራክሮታል፤ የገዛ ወንድሙ ሴሲል ኮንም ነገረ መለኮቱ ከጥቁሮች ሃይማኖት ይልቅ ከጥቁር ኃይል ንቅናቄና ከነጮች የትምህርት ስልት ተነሥቷል ብሎ ተቸው። ኮን ትችቱን ሰምቶ ወደ መዝሙሮቹ ተመልሷል፤ በደረጃ 4 ያደመጡት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ዉማኒስት የተባሉት ጥቁር ሴት ሊቃውንት ይነበቡ። ኬቲ ካነን፣ ጃክሊን ግራንትና ዴሎሬስ ዊልያምስ የጥቁር ወንዶች ነገረ መለኮት ሴቶችን፣ የነጭ ሴቶች ነገረ መለኮት ደግሞ ጥቁሮችን እንደረሳ አሳይተዋል። የዊልያምስ አነጋጋሪ ሐሳብ በአጋር ታሪክ ላይ የቆመ ነው፤ እግዚአብሔር ለአጋር በምድረ በዳ የሰጣት ወዲያው ነጻ መውጣትን ሳይሆን በሕይወት የምትቀጥልበትን መንገድ ነበር ትላለች። ዘፍጥረት 16ንና 21ን ተማሪዎች መጀመሪያ በራሳቸው እንዲያነቡ፣ ከዚያም ከዘጸአት ታሪክ ጋር እንዲያነጻጽሩ ያድርጉ። በውይይቱ ላይ የዐረብ አገር የቤት ሠራተኝነትን የሚያውቅ ተማሪ ካለ፣ አጋር ለእርሱ ሩቅ ታሪክ አትሆንም።

ደረጃ 7፦ የኢትዮጵያን ስም በልኩ ይያዙ

ኢትዮጵያዊ አጥኚ በዚህ ትውፊት ውስጥ የአገሩን ስም በየቦታው ያገኛል። “ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች” የሚለው የመዝሙር 68፥31 ቃል በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጥቁር ሰባኪዎች ዋና ጥቅስ ነበር። በ1808 የተመሠረተው የኒውዮርኩ አቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ስሙን የሚያያይዘው በመለያየት አምልኮ ያዘኑ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ ከሚል ከራሱ ትውፊት ጋር ነው። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ በ1892 የመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ1896 ከአለን ቤተ እምነት ጋር ተዋሕዷል። በኋለኛው ዘመንም የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ከስብስቡ አንድ የብራና መጽሐፍ በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ነው። በእነዚያ ስብከቶች ውስጥ “ኢትዮጵያ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መላው የጥቁር ሕዝብ እንጂ የጎንደር ወይም የሸዋ መንግሥት አይደለም። ሙሉ ጥናቱን በዚህ ዙሪያ የሚያዋቅር ተማሪ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጀምሮ ስለ ራሱ ይጨርሳል፤ መምህሩ በጊዜ ሊያስቆመው ይገባል።

ደረጃ 8፦ ጥናቱን ወደ አገልግሎት ሥልጠና ያሸጋግሩ

የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ ወይም በሚኒያፖሊስ የሚያሳድጓቸው ልጆች በትምህርት ቤትና በመንገድ ላይ የሚታዩት እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የወላጅን አገር አይጠይቅም። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም ቢሆን ጥቁር አሜሪካውያን ባደረጉት ትግል ዘመን የወጣ ነው። ስለዚህ ለወጣት አገልጋዮች ይህ ትምህርት ከጎረቤት ጋር መተዋወቂያ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ጉባኤ ልጆች መጠበቂያ መሣሪያ ነው፤ ወላጆች በቤት ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚናገሩትን ንቀት የተቀላቀለበት ቃል በግልጽ ማንሣትንም ይጨምራል። ለዚህ ውይይት የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ከወጣቶቹ ለይተው ይጀምሩ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ወጣቶቹ ዝም ይላሉ።

ሠልጣኙ ከትውፊቱ ሊወስድ የሚገባው የድምፁን አወጣጥ አይደለም። የፍራንክሊንን ዜማ በአማርኛ ስብከት ላይ ለመቅዳት የሚሞክር ሰው ይሳቅበታል፤ ሳቁም ተገቢ ነው። የሚወሰደው አሠራሩ ነው፦ ሰባኪው ጉባኤውን እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታሰረ፣ ለታመመና ለሞተበት እንዴት እንደምትደራጅ፣ ሴቶች ሥልጣን በተነፈጉበት ቦታ እንኳ የራሳቸውን ክፍል አቋቁመው ገንዘቡንና ትምህርቱን እንዴት እንደያዙ። ሠልጣኙን ከተቻለ በአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጉባኤ ውስጥ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ያስመድቡት፤ ሥራውም ከመድረክ ሳይሆን ከአስተናጋጆች ወይም ከምግብ እደላ ክፍል ይጀምር።

በምዘና ጊዜ ከመቶው 30ው ለአደማመጥ መዝገቡ፣ 40ው ለጉብኝቱ ዘገባ፣ 30ው ለመጨረሻው ጽሑፍ ቢሆን ሚዛኑ ከተከተልነው ቅደም ተከተል ጋር ይስማማል። የመጨረሻው ጽሑፍ ከመቅረቡ ሁለት ሳምንት በፊት ረቂቁ ለተጎበኘው ጉባኤ መጋቢ ይላክ፤ መጋቢው ያረመው ወይም የተቃወመው ነጥብ ካለ፣ ተማሪው ባይስማማ እንኳ ያንን ተቃውሞ በጽሑፉ ውስጥ በሙሉ ያስፍር።